ኤሌክትሮድ የሚበላሸው ማሽኑ ሳይነሳ ነው

ሲኤንሲ ክፍል፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን ያለበት፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው የታወቀ ነው። «ስፒንድሉን (ካተሩን፣ ማለትም መቁረጫውን የሚያዞረውን ዘንግ) ስንት ላይ ላድርገው?» መጥፎ ጥያቄ አይደለም። ግን ቀላል ጥያቄ ነው፤ ቀመር አለው። የመቁረጫ ፍጥነቱን በ1000 ታባዛላችሁ፤ ከዚያ በፓይና በካተሩ ዲያሜትር ብዜት ታካፍላላችሁ። ባለ 6 ሚሊ ካርባይድ ካተር መዳብን በደቂቃ 150 ሜትር እንዲቆርጥ ከተፈለገ በደቂቃ ወደ 8,000 ዙር ይመጣል። ካተሩ ሁለት ጥርስ ካለውና ለእያንዳንዱ ጥርስ 0.04 ሚሊ ከተሰጠው፣ ፊዱ (ካተሩ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት) በደቂቃ 640 ሚሊ አካባቢ ይሆናል። በቃ። የቀረውን ጆሯችሁና ፍቅፋቂው ይነግሯችኋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኛም ሆነ የጎረቤት ወርክሾፕ የተበላሹ ኤሌክትሮዶች ሲመጡ አያለሁ። በዙር ብዛት የተበላሸ ከስንት አንድ ነው። አብዛኞቹ የተበላሹት አረንጓዴው ቁልፍ ሳይነካ ነው። አንዱ ጋፑ፣ ማለትም ለብልጭታው የሚተወው ክፍተት፣ ሁለት ጊዜ ተቀንሶበታል። አንዱ ተገልብጦ ታስሯል። ሌላው በጣም ቆንጆ ሆኖ ተሠርቷል፣ ግን መሀሉ የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። የታዘዘው ነው ስህተት።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። የቢጫ ጀሪካን ክዳን አስቡ። ውስጡ ጥርስ አለው። ጎኑ ላይ እጅ እንዳያዳልጥ የተሠሩ ጠባብ መስመሮች አሉ። አናቱ ላይ የፋብሪካው ስም አለ። ይህ ሁሉ መጀመሪያ ብረት ሞልድ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ቅርጹን በሚይዝበት፣ መቀረጽ አለበት። ካተር ደግሞ እየዞረ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ብረት ውስጥ ሹል ጥግ ማውጣት አይችልም፤ ጠባብና ጥልቅ ቦይም ያስቸግረዋል። መፍትሔው የተፈለገውን ቅርጽ ከመዳብ ወይም ከግራፋይት አውጥቶ ኢዲኤም የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረት የሚበላ ማሽን ላይ መስቀል ነው። ኤሌክትሮድ የምንለው እሱን ነው። ዘይት ውስጥ ወደተነከረው ብረት ይወርድና ሳይነካው ይቆማል። በመሀላቸው በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ብልጭታ ይፈጠራል። እያንዳንዱ ብልጭታ ከብረቱ ላይ ትንሽ ቅንጣት አቅልጦ ያነሳል። ብረቱ ጠንካራ ይሁን ለስላሳ ግድ የለውም። 60 ኤችአርሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) የደረሰ ብረትም ቢሆን ኤሌክትሪክ እስካስተላለፈ ድረስ ይበላል።

ዘዴውን ያገኙት ቦሪስና ናታሊያ ላዛሬንኮ የሚባሉ ሶቪየት ባልና ሚስት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1943። የተሰጣቸው ሥራ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነጥቦች በብልጭታ እንዳይበሉ ማድረግ ነበር። መበላቱን ማስቀረት አልሆነላቸውም። እንግዲያው እሱኑ መቁረጫ እናድርገው አሉ። ይህን ታሪክ ለተማሪ መንገር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ጥያቄ ኤሌክትሮድ እንዴት ልሥራ አይደለም። ያስፈልገኛል ወይ ነው። ሞልድ ቤቶች ውስጥ ከልማድ ብቻ የሚሠራ ኤሌክትሮድ ብዙ ነው። ካተሩ መድረስ የሚችልበት ቦታ ላይ መዳብ ይባክናል፤ ኢዲኤሙም ቀኑን ሙሉ ይያዛል። መለያው የካተሩ ርዝመት ነው። ከሆልደሩ (ከካተሩ መያዣ) የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚጎብጠው ስምንት እጥፍ ነው። በተመሳሳይ ርዝመት ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ። ስለዚህ 1 ሚሊ ስፋትና 20 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቦይ በካተር ልሞክረው ማለት ካተር ለመስበር መነሳት ነው። ብረት ውስጥ ቦይ የሆነው ነገር ኤሌክትሮዱ ላይ ሲመጣ ግን ከውጭ የሚቆረጥ ስስ ግድግዳ ይሆናል። ከውጭ መቁረጥ ሁሌም ይቀላል።

ጥጉ 0.5 ሚሊ ቢከብ የማይጎዳው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ለደንበኛው ደውሉ። «ይቻላል» ካለ ኤሌክትሮዱ ቀረ ማለት ነው። ብዙ ዲዛይን ላይ ሹል ጥግ የተቀመጠው ተፈልጎ አይደለም። ሶፍትዌሩ ላይ ማክበብ ተረስቶ ነው።

መዳብ ወይስ ግራፋይት? ይህ የማያልቅ ክርክር ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣ ልጅ «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ግራፋይት ነው የሚጠቀመው፤ እኛ ለምን መዳብ ላይ ተጣበቅን?» አለኝ። ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሞልድ ቤት ግራፋይት ነው የሚጠቀመው። ምክንያትም አላቸው። ግራፋይት ቀላል ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 1.8 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ መዳቡ ወደ 9። በፍጥነት ይቆረጣል። ጠርዙ ላይ ትርፍ አያወጣም። አይቀልጥም፤ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ሲደርስ በቀጥታ ይተናል። መዳብ ግን 1,085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል።

ለልጁ የመለስኩለት ወደ ጣሪያው እያሳየሁ ነው። «መምጠጫው የታለ?» ግራፋይት ሲቆረጥ ጥቁር ብናኝ ነው የሚሆነው። ብናኙ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ከገባ ካርዶቹን ያቃጥላል። ከቅባት ጋር ተቀላቅሎ የማሽኑ ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ለሳንባም አይበጅም። ግራፋይት የሚሠራ ሰው የታሸገ ማሽን፣ ኃይለኛ መምጠጫና አልማዝ የተቀባ ካተር ያስፈልገዋል። እኛ ዘንድ ያው አንዱ ማሽን ጠዋት ብረት፣ ከሰዓት አልሙኒየም ይቆርጣል። ካተሩም በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። መዳቡ ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ አለ። ስለዚህ መዳብ ላይ የተጣበቅነው ኋላ ቀር ስለሆንን አይደለም። ያለን ማሽንና ያለን አየር ስለሚያስገድደን ነው። መምጠጫ የገዛ ሰው ነገ ወደ ግራፋይት ቢሄድ ጎበዝ እለዋለሁ።

ስለ ምናለሽ ተራ መዳብ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጥሩው ከፈረሰ የኤሌክትሪክ ቦርድ የወጣ ወፍራም ባስባር ነው። ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የተሠራ ስለሆነ ከ99.9 በመቶ በላይ ንጹሕ ነው። መጥፎው ከቁርጥራጭ ሽቦ ቀልጦ የተጣለ ነው። ውጪው ያምራል፤ ውስጡ ባዶ ነጠብጣብ አለው። ነጠብጣቡ የሚገለጠው ደግሞ ፊኒሺንግ፣ ማለትም የመጨረሻው ስስ ቆረጣ ላይ ነው፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ናስን መዳብ ብሎ የሚሸጥም አይጠፋም። ናስ ኢዲኤም ላይ ቶሎ ያልቃል። መከላከያው ሒሳብ ነው። ሻጩ በኪሎ ስለሚሸጥ ሚዛን አለው። ቁራጩን በካሊፐር ለኩ። 50 በ50 በ100 ሚሊ ከሆነ 250 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ ንጹሕ መዳብ ከሆነ 2.24 ኪሎ መመዘን አለበት። 2.1 አካባቢ ከመጣ ናስ ነው ወይም ውስጡ ባዶ አለ። በሞረድ ትንሽ ፋቅ ሲያደርጉት የሚወጣው ቀለምም ይናገራል። ሻጩ ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ።

መዳብ ሲቆረጥ ይለጠጣል፤ ካተሩ ላይ ይለጠፋል። ካተሩ ስል መሆን አለበት፤ ስል ስል። የኔ ሕግ ቀላል ነው። ብረት የነካ ካተር መዳብ አይነካም። ለመዳብ የተለየ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ጥርስ፣ ያልተቀቡ፣ ጎድጓዳቸው የተወለወለ ካርባይዶች ናቸው። ብረት ላይ አንዴ የሄደ ካተር ዓይን የማያየው ድንዛዜ አለው። ብረት ላይ ችግር የለውም። መዳብ ላይ ግን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋል። የተገፋው መዳብ ጠርዝ ላይ ስስ ትርፍ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ትርፍ ትንሽ ይመስላል። ግን ኤሌክትሮዱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ብረቱ ላይ ይታተማል። 0.04 ሚሊ ትርፍ ያለበት ጠርዝ 0.04 ሚሊ ጭረት ሆኖ ሞልዱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በሚወጣው ክዳን ሁሉ ላይ ይታያል። በሞረድ ልንሳው ብትሉ ጠርዙን ታከቡታላችሁ። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይሄ ነው፤ ጎኑን አጨርሳለሁ፣ አናቱን በጣም በስሱ እቆርጣለሁ፣ ከዚያ ያንኑ የጎን ፕሮግራም ምንም ሳልቀይር ዳግም አስኬደዋለሁ። ሁለተኛው ዙር የሚቆርጠው ከምንም የማይቆጠር ነው። ግን አናቱ ሲቆረጥ የወጣውን ትርፍ ጠርጎ ይሄዳል። የቀረ ካለ በጠንካራ እንጨት ጫፍ ይነሳል። እንጨት መዳቡን አይጎዳም።

ስስ ግድግዳ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 0.8 ሚሊ ውፍረትና 15 ሚሊ ከፍታ ያለው ግድግዳ። አዲስ ሰው አንዱን ጎን ከላይ እስከ ታች ጨርሶ ወደ ሌላው ይዞራል። ሁለተኛው ጎን ሲቆረጥ ግድግዳው የሚደገፍበት የለውም፤ ይሸሻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አናቱ ላይ ይወፍራል። ትክክለኛው አካሄድ ደረጃ በደረጃ መውረድ ነው። ግማሽ ሚሊ ከግራ፣ ግማሽ ሚሊ ከቀኝ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ራፊንጉንም (ብዙውን የሚያነሳውን የመጀመሪያ ቆረጣ) ፊኒሺንጉንም ጨርሶ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ካተሩ ሁልጊዜ የሚቆርጠው ከታቹ ገና ያልተነካ ወፍራም መዳብ ባለበት ቦታ ነው። ወደ ታች ከወረደ በኋላ ወደ ላይ ተመልሶ አይነካም። ጊዜ ይወስዳል። ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል።

የተሳበ መዳብ ውስጡ ውጥረት አለው። ራፊንግ ተደርጎ ብዙው ሲነሳለት ትንሽ ይጣመማል። ስለዚህ ከራፊንግ በኋላ ሞርሳውን አላሉት፣ መዳቡ እንደፈለገ ይሁን፣ መልሳችሁ በቀስታ እሰሩት፣ ዜሮውን (ልኬቱ የሚነሳበትን ነጥብ) እንደገና ያዙ፣ ከዚያ ፊኒሺንግ። ይህን የሚዘል ሰው መጠኑ ለምን 0.03 እንደሸሸ ሲጨነቅ ይውላል።

ካተሩን የሚጨብጠውን ኮሌትም ንፉት፣ ጥረጉት። ካተሩ ጫፍ ላይ ዲያል (ጥቃቅን መዛባት የሚያሳይ መለኪያ) አስጠግታችሁ በእጅ አዙሩ። ባለ 1 ሚሊ ካተር ለጥርስ 0.01 ሚሊ እየወሰደ፣ አዟዟሩ በ0.01 ቢዛባ፣ ሥራውን የሚሠራው አንዱ ጥርስ ብቻ ነው። ሌላው አብሮ ይዞራል። ካተሩ ሲሰበር ካተሩን አትሳደቡ።

አሁን ወደ ጋፑ፤ ብዙ ሥራ የሚሞትበት ቦታ እሱ ነው። ብልጭታው ከኤሌክትሮዱ ዙሪያ አልፎ ስለሚበላ ኤሌክትሮዱ ከሚፈለገው ጉድጓድ ማነስ አለበት። ጉድጓዱ 20 ሚሊ ይሁን። የፊኒሺንጉ ጋፕ በጎን 0.08 ከሆነ ኤሌክትሮዱ 19.84 ነው። ለራፊንግ በጎን 0.25 ካልን 19.50 ነው። የመጀመሪያው ወጥመድ «በጎን» የምትለዋ ቃል ናት። ዲዛይነሩ «ጋፕ 0.2» ብሎ ይጽፋል። እሱ በጠቅላላ ማለቱ ነው፤ ማሽኒስቱ በጎን ብሎ ይረዳል። ኤሌክትሮዱ 0.2 ያንሳል። ወረቀቱ ላይ «በጎን» የሚል ቃል ከሌለ ሥራው አይጀመር። እኛ ጋ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ካም ሶፍትዌሩ፣ ማለትም የካተሩን መንገድ የሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ጋፑን የምናወጣው የሚቀረውን ውፍረት ከዜሮ በታች በመስጠት ነው፤ ማለትም ሶፍትዌሩን «ከሞዴሉ 0.08 ግባ» ብለን። ቦልኖዝ (ጫፉ ክብ የሆነ) ካተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ጥግ ያከበበ ካተርም ላይ፣ የጥጉ ራዲየስ ከጋፑ እስከበለጠ ድረስ፣ ይሠራል። ጥጉ ሹል የሆነ ካተር ላይ ግን ሶፍትዌሩ ወይ እምቢ ይላል ወይ የተሳሳተ መንገድ ያወጣል። ቀጥ ላለ ግድግዳ የድሮ ዘዴ አለ። ሶፍትዌሩን ዋሹት። እጃችሁ ላይ ያለው ካተር 6 ሚሊ ነው፤ 5.84 ነው በሉት። እሱ ካተሩን ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ እውነተኛው ካተር በጎን 0.08 ይበልጥ ይቆርጣል። ፕሮግራሙ ስም ላይ ግን ውሸቱን ጻፉት። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው አያውቅም።

ሦስተኛው ወጥመድ ዜድ፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ዘንግ ላይ ነው። ኢዲኤሙ ላይ ጥልቀቱ 10 ሚሊ እንዲሆን ይፈለጋል። ዜሮ የያዛችሁት የኤሌክትሮዱን ጫፍ ብረቱ ላይ አስነክታችሁ ከሆነ የምትወርዱት 9.92 ነው። የቀረውን 0.08 ብልጭታው ይበላዋል። ዜሮውን የያዛችሁት በኤሌክትሮዱ መሠረት ወይም በመያዣው ከሆነ፣ ጫፉም ፕሮግራሙ ላይ በ0.08 አንሶ ከተቆረጠ፣ የምትወርዱት ሙሉ 10 ነው። አንዱን መርጣችሁ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ሲኤንሲው ላይ ያለው ሰው ቀንሶ፣ ኢዲኤሙ ላይ ያለው ሰውም ደግሞ ከቀነሰ ሞልዱ ጎደለ። ጥሩነቱ ይህኛው ይታረማል፤ ትንሽ መውረድ ነው። ሁለቱም ሳይቀንሱ ሲቀሩ ነው ብረቱ የሚያልቀው።

ኢዲኤሙ ዙሪያውን መንቀሳቀስ የሚችል ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ራፊንጉንም ፊኒሺንጉንም በአንድ መጠን ትሠሩና ልዩነቱን ማሽኑ በእንቅስቃሴ ይሞላዋል። ሹል ጥግ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ግን ክብ እንቅስቃሴ አትስጡት፤ ጥጉን ያከበዋል። ካሬውን ምረጡ። ዜድ ብቻ የሚንቀሳቀስ የቆየ ማሽን ያለው ሰው ለእያንዳንዱ ደረጃ የየራሱ መጠን ያለው ኤሌክትሮድ መሥራት ግዴታው ነው። ያኔ በእያንዳንዱ መሠረት ላይ ጋፑ ይቀረጽ። በማርከር አይደለም፤ ዘይት ውስጥ ይጠፋል። በቁጥር ማህተም ምቱት።

ስለ ፊደል ትንሽ ልውጣ። የፋብሪካ ስም በአማርኛ ይጻፍልኝ ሲባል ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እጨነቃለሁ። ፕላስቲኩ ላይ ጎልቶ የሚነበብ ጽሑፍ ብረቱ ላይ ተገልብጦ ይሰምጣል፤ ኤሌክትሮዱ ላይ ግን እንደገና ጎልቶ፣ በቀጥታ ይነበባል። ማለትም ኤሌክትሮዱ የፕላስቲኩን ቅርጽ ነው የሚይዘው። «ሞልድ ስለሆነ ልገልብጠው» ብሎ ኤሌክትሮዱን የሚገለብጥ ሰው አይታጣም። ሌላው ችግር የፊደሎቻችን ሆድ ነው። የላቲን ፊደል ላይ የተዘጋ ክብ ጥቂት ነው። የኛ «መ» ሁለት ክብ አለው። «ወ»ም፣ በ«ሠ» እግሮች መሀል ያለው ጠባብ ቦታም፣ «ጨ»ም አሉ። ቁመቱ 3 ሚሊ በሆነ ፊደል ላይ የ«መ» ሆድ ግማሽ ሚሊ ገደማ ነው፤ ባለ 0.5 ካተር አይገባም። ባለ 0.3 ይገባል፣ ግን ጥልቀቱ ከ0.4 እንዳያልፍ። ስለዚህ ደንበኛው ኮምፒውተሩ ላይ ያማረውን ቀጭንና ወፍራም መስመር ያለው ፊደል ይዞ ሲመጣ፣ መስመሩ እኩል የሆነና ሆዱ ሰፊ ፊደል ምረጡለት። ጀሪካን ክዳን ላይ የሚያምረው የሚነበበው ነው።

ዜሮና አያያዝ። ኤሌክትሮዱ ሲኤንሲው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆረጣል። ኢዲኤሙ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይሰቀላል። በዚህ መገልበጥ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ዘንግ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በኤክስ ዙሪያ ከገለበጣችሁት ዋዩ ይቀየራል። ክብ ወይም ካሬ ከሆነ ማንም አያስተውልም። ግራና ቀኙ የተለያየ ከሆነ ግን ሞልዱ ላይ መጥፎ ነገር ይሆናል። መከላከያው እጅግ ርካሽ ነው። የመሠረቱን አንድ ጥግ በ3 ሚሊ ሰያፍ ቁረጡት። ያ ጥግ ሞልዱ ላይ የት እንደሚውል ወረቀቱ ላይ ይሳል። ሁሌም አንድ ጥግ፣ ሁሉም ኤሌክትሮድ ላይ።

መሠረቱ ራሱ ከቅርጹ ጋር በአንድ እስራት፣ በአንድ ፕሮግራም መቆረጥ አለበት። ቅርጹን ቆርጦ ፈትቶ፣ መሠረቱን በፍሬዛ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። በመሀል የተፈታ ነገር ዜሮው ጠፍቷል። ኢዲኤሙ ላይ ዲያል የሚሄደው በዚያ መሠረት ጎን ላይ ነው፤ መሀሉም የሚፈለገው ከአራቱ ጎኖቹ ነው። ስለዚህ ጎኖቹ ንጹሕ ይሁኑ። አንዱ ጎን ላይ 0.04 ትርፍ ወይም ፍቅፋቂ ካለ መሀሉ 0.02 ሸሸ። ያው ነገር ሞልዱ ላይ ክዳንና ጥርሱ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይቀራል።

ሲስተም 3አር እና ኤሮዋ የሚባሉ መያዣዎች አሉ፤ የመጀመሪያው የስዊድን፣ ሁለተኛው የስዊዘርላንድ ሥራ። ኤሌክትሮዱን ሲኤንሲው ላይ ከነመያዣው ትፈቱና ኢዲኤሙ ላይ ታስሩታላችሁ፤ በ0.002 ሚሊ ውስጥ ያው ቦታ ላይ ይቀመጣል። ለሚችል ሰው እነዚህን ከማሽን በፊት ግዙ እላለሁ። ለማይችል ከወፍራም ብረት ሳህን ተሠርቶ፣ ሁለት ጠንካራ ፒንና አንድ መሳቢያ ብሎን ያለው መያዣ ብዙ ያግዛል። 0.002 አይሰጥም። ግን ከሞርሳ ወደ ሞርሳ ከመሄድ በጣም ይሻላል።

መብራትና ሙቀት ላይ ብዙ አልቆይም። ወርክሾፓችን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ጠዋትና ቀትር አሥር ዲግሪ ቢለያዩ 100 ሚሊ መዳብ 0.017 ይረዝማል። ጠዋት ዜሮ ይዞ ከሰዓት ፊኒሺንግ መሥራት ከዚህ ጋር መቆመር ነው። ስፒንድሉን አሙቁት፣ ዜሮና ፊኒሺንግ በአንድ ግማሽ ቀን ውስጥ ይጠናቀቁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ካተሩ ሥራው ውስጥ ይቆማል። ሲመጣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ዜድ ብቻ ነው፣ ወደ ላይ። የጂ54 ቁጥሮች (የሥራው ዜሮ የት እንደሆነ የሚናገሩት) ስክሪኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ደብተር ላይም ይኑሩ። ረጅም ፊኒሺንግ ፕሮግራም ደግሞ በአንድ ፋይል አታውጡት። በየአካባቢው ቆራርጡት። ሄዶ የመጣ መብራት አንዱን ቁራጭ ብቻ ያስደግማችኋል።

ኢዲኤሙ ላይ ስትደርሱ ጆሮ ይሠራል። ጥሩ ብልጭታ ድምፁ ሽንኩርት ዘይት ላይ ሲቁላላ የሚሰማው ነው፤ የማይቆራረጥ፣ እኩል። ድምፁ ታፍኖ መቆራረጥ ከጀመረና ከአንድ ቦታ ጥቁር ጭስ መውጣት ከጀመረ ብልጭታው አንድ ነጥብ ላይ ተጣብቋል። ቶሎ አንሱት። እዚያ ነጥብ ላይ የከሰለ ጉድጓድ ይሠራል፤ እሱን ማንም አይወለውለውም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ቆሻሻ አለመውጣቱ ነው። ጥልቅ ቦይ ላይ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ብድግ እንዲል አድርጉት፤ ዘይቱ ገብቶ ይጠርጋል። ኤሌክትሮዱን በስቶ ዘይት በመሀሉ መላክም ይቻላል። ያኔ ብረቱ ላይ ከቀዳዳው ትይዩ ትንሽ ጉጥ ይቀራል፤ የሚነሳበት ቦታ ላይ ብሱት።

አምፔሩ ከስፋቱ ጋር ይሂድ። እኔ መዳብ ላይ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ10 አምፔር አላልፍም። አናቱ ክብ የሆነ ኤሌክትሮድ መጀመሪያ የሚነካው በነጥብ መሆኑንም አትርሱ። ጠቅላላ ስፋቱን አይቶ ሙሉ አምፔር የሚሰጥ ሰው ጫፉን ያቃጥለዋል። ትንሽ ጀምሩ፣ እየሰመጠ ሲሄድ ጨምሩ። ኤሌክትሮዱ ፖዘቲቭ ሆኖ የብልጭታው ቆይታ ረዘም ሲል ደግሞ መዳቡ የሚበላው ይቀንሳል።

አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር። በኢዲኤም ዘይት ፈንታ ላምባ የሚሞሉ አሉ። ላምባ ወደ 40 ዲግሪ አካባቢ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ዘይት ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። ዘይቱ ከሥራው በላይ ቢያንስ 50 ሚሊ ይቁም። ደረጃው ሲወርድ ማሽኑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ አለ፤ «እያቋረጠ አስቸገረኝ» ተብሎ በሽቦ የታሰረ ካያችሁ ፍቱት፤ ካሰረው ሰው ጋርም ተጣሉ። ሌሊት ብቻውን እየሠራ እንዲያድር አትተዉት።

ደንበኛ ሁልጊዜ እንደ መስታወት ይብራልኝ ይላል። ክዳን ግን የግድ ማብረቅ የለበትም። ከኢዲኤም የወጣ ገጽ በቪዲአይ መለኪያ ይነገራል፤ 20 ማለት የሸካራነቱ አማካይ 1 ማይክሮን ነው፣ 30 ወደ 3.2፣ 40 ደግሞ 10። ከ24 እስከ 27 ያለው የደበዘዘና እኩል ገጽ ነው፤ የጣት አሻራም ጭረትም ይደብቃል። ናሙና አሳዩት። ብዙዎቹ ሲያዩ ይቀበላሉ፣ የማለስለሱ ሥራም ይቀራል። ማብረቅ ያለበት ሞልድ ከሆነ ግን ብልጭታው ትቶት የሚሄደው ጠንካራና ተሰባሪ ስስ ንብርብር በሙሉ መነሳት አለበት። እሱ ሳይነሳ የተወለወለ ሞልድ ኋላ ላይ ይሰነጠቃል።

ሥራው ሲያልቅ ኤሌክትሮዱን ወዲያው ቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ አልጥለውም። አጥቤ ጥጎቹን እለካለሁ። መጀመሪያ የሚበላው ጥግ ነው፤ ጠፍጣፋው ገጽ ብዙም አይነካም። የራፊንጉ ጥግ 0.2 ተበልቶ ከሆነ አያሳስበኝም፤ ፊኒሺንጉ ያስተካክለዋል። የፊኒሺንጉ ጥግ ከ0.03 በላይ ከሄደ ግን ራፊንጉ ብዙ ሥራ ትቶለታል ማለት ነው። ለቀጣዩ ክዳን በመሀል አንድ ኤሌክትሮድ እጨምራለሁ፣ ጋፑ በጎን 0.15።